ግራኝ ለሆናችሁ ጊታር ወዳዶች፦ ያማሃ ኤፍጂ820ኤል ያዋጣል ወይ?

መልሱን ላስቀድምና ዝርዝሩን የፈለገ ያንብብ። ያዋጣል። ግን አንድ ነገር ላይ እርግጠኛ ሁኑ፤ ምቱን የሚመታው እጃችሁ ግራው መሆኑን። በግራ ስለምትጽፉ ብቻ የግራኝ ጊታር ለማዘዝ አትሩጡ። በግራ እየጻፈ በቀኙ ድንጋይ የሚወረውር፣ በግራው ቢላ ይዞ በቀኙ መዶሻ የሚያነሳ ስንት ሰው አለ። መፈተሻው ቀላል ነው። የምትወዱትን ዘፈን ክፈቱና ጊታር እንደያዘ ሰው አየር ላይ ምቱ። ሳታስቡ። የትኛው እጅ ነው የሚወርደውና የሚወጣው? በቃ፣ የምት እጃችሁ እሱ ነው። የኔ ግራው ነው። ከበሮ ሲሰጡኝም፣ ስልክ ይዤ ጠረጴዛ ስደበድብም፣ የሚቀድመው ያው ግራው ነው።

ጊታሩን አክስቴ ከቨርጂኒያ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። ለምን ከዚህ እንዳልገዛሁ ልንገራችሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ የግራኝ ጊታር ፈልጉ። ሱቅ ትገባላችሁ፣ ግድግዳው ሙሉ ጊታር ተሰቅሏል፣ ሁሉም የቀኝ ነው። "የግራኝ አላችሁ?" ስትሉ ሻጩ ፈገግ ይላል። "እህቴ፣ ገልብጠሽ ያዢው በቃ፣ ምን ችግር አለው?" ሌላም ሱቅ፣ ያው። ሦስተኛው ላይ "ማስመጣት ይቻላል" ይባላል፣ መቼ ሲባል ግን ማንም አያውቅም። አንዱ ሱቅ ደግሞ፣ ስሙን አልጠራም፣ የቀኙን ጊታር ክር ገልብጦ አስሮ "የግራኝ ነው፣ ከውጭ የመጣ" ብሎ አወጣልኝ። ዋጋውንም እንደ ግራኝ ጊታር ሰቅሎታል። አልገዛሁትም፤ እንዴት እንደሚታወቅ አሁን እናያለን።

"ገልብጪው" የሚለው ምክር ከሜዳ የመጣ አይደለም። ጂሚ ሄንድሪክስ የቀኝ እጅ ስትራቶካስተር ገልብጦ፣ ክሩን እንደገና በግራኝ አስሮ ነው የተጫወተው። አልበርት ኪንግማ ክሩንም አልነካው። ቀጭኑ ክር ከላይ፣ ወፍራሙ ከታች ሆኖ ነው ብሉዝ የተጫወተው፤ ሌላው ሰው ወደ ላይ የሚገፋውን ክር እሱ ወደ ታች እየሳበ ያስለቅሰው ነበር። ኤሊዛቤት ኮተን ደግሞ ገና በልጅነቷ የወንድሟን ባንጆ ገልብጣ ጀመረች፣ ወደ ጊታርም በዚያው ገባች። ስለዚህ ቤዙን በጣቶቿ፣ ዜማውን በአውራ ጣቷ ነበር የምትጫወተው። ከሌላው ሰው የተገላቢጦሽ ማለት ነው፤ አጨዋወቱም በስሟ ይጠራል። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ እ.ኤ.አ. በ1961 ሀምቡርግ ላይ የቫዮሊን ቅርጽ ያለውን የሆፍነር ቤዝ ጊታር ሲመርጥ አንዱ ምክንያቱ ሁለቱ ጎኑ እኩል መሆኑ ነው፤ በግራ ሲያዝ የተገለበጠ አይመስልም።

ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን ሄንድሪክስ የያዘው ኤሌክትሪክ ጊታር መሆኑን ሻጩ አይነግራችሁም። የስትራቶካስተር ብሪጅ (ክሮቹ ታች አካሉ ላይ የሚያርፉበት) ላይ ለእያንዳንዱ ክር የራሱ ማስተካከያ ብሎን አለ፤ ወደ ፊት ወደ ኋላ፣ ወደ ላይ ወደ ታች ይሄዳል። አኮስቲክ፣ ማለትም ያለ ኤሌክትሪክ የሚጮኸው ጊታር ላይ ይህ የለም። አኮስቲኩ ተቆርጦ፣ ተለጥፎ ያለቀለት ነገር ነው።

ከአንገቱ ጫፍ፣ ከመቃኛዎቹ ሥር ያለችውን ስድስት ስንጥቅ ያላት ነጭ ዘንግ እዩ። ነት ትባላለች። በብዛት የሚሸጠው ቀለል ያለ የአኮስቲክ ክር ላይ ቀጭኑ 0.012 ኢንች ነው፣ ወፍራሙ 0.053። ከአራት እጥፍ በላይ ልዩነት አለው። ስንጥቆቹም በዚያው ልክ ነው የተሞረዱት። ስትገለብጡት ወፍራሙ ክር በቀጭኑ ስንጥቅ አልገባም ብሎ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ቀጭኑ በሰፊው ስንጥቅ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ይህ ግን ቀላሉ ነው። ነት ይነቀላል፣ ሌላ ይገባል፣ ጎበዝ ጠጋኝ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል።

ጣጣው ታች ነው። ብሪጁ ላይ ያለችው ሳድል፣ ክሮቹ የሚያርፉባት ዘንግ፣ ቀጥ ብላ አልተቀመጠችም። ዘመም ብላለች። ወፍራሙ ክር ፍሬት (አንገቱ ላይ የተተከለው ብረት) ላይ ሲጫን ድምፁ ከሚገባው በላይ ወደ ላይ ስለሚሸሽ፣ ያንን ለማካካስ በትንሹ ረዘም እንዲል ተደርጓል። ጊታሩን ስትገለብጡ ዝመቱም ይገለበጣል፤ ርዝመት የሚያስፈልገው ክር ያጥራል፣ የማያስፈልገው ይረዝማል። ውጤቱ ምን ይመስላል? ክሩን ሳትጫኑ ክፍቱን ስትመቱት የተቃኘ ነው። መጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ ጂ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ያዙ፣ እሺ ይላል። ወደ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ስትወጡ ግን ጆሮ ይጎረብጣል። ጀማሪ ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። ጊታር አይሆንልኝም ብሎ ጥግ ያስቀምጠዋል። ይህንን ለማስተካከል የሳድሉ ቦይ በእንጨት ተደፍኖ፣ በሌላ አቅጣጫ እንደገና መቆረጥ አለበት። ርካሽ ጊታር ላይ ይህን ማሠራት ከጊታሩ ዋጋ ጋር ሊፎካከር ነው።

ውስጡም አለ። ፊቱን ከውስጥ የሚደግፉት እንጨቶች በኤክስ ቅርጽ ተሻግረው፣ ከሥራቸው ያሉት ትንንሾቹ ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ ናቸው። ድምፁ ላይ ምን ያህል ልዩነት ያመጣል በሚለው የጊታር ሰዎች ሲከራከሩ ይኖራሉ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ አልልም። የሳድሏን ዝመት ግን ማንም ይለየዋል።

እንግዲህ ያ ሻጭ ያወጣልኝን ጊታር እንዲህ ነው ያየሁት። ሳድሏን አየሁ። በትክክለኛ የብረት ክር ጊታር ላይ፣ ግራኝም ሆነ ቀኝ፣ የሳድሏ ወፍራም ክር ያለበት ጫፍ ከነቱ ራቅ ይላል። የሱ ላይ ተቃራኒው ነበር። ከዚያ የአንገቱን ጎን አየሁ፤ ሦስተኛው፣ አምስተኛው፣ ሰባተኛው ፍሬት ላይ ያሉት ትንንሽ ነጥቦች ተጫዋቹ ወደ ታች ሲያይ እንዲታዩት ወደ ላይ በሚዞረው ጎን ነው የሚሆኑት። የሱ ላይ ወደ መሬት ነው የሚያዩት። ፊቱን ከፒክ (ከክር መምቻው) ጭረት የሚከላከለው ፕላስቲክም ከክሮቹ በላይ፣ ምንም በማይቧጭርበት ቦታ ተለጥፏል። ሦስቱን ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከሩቅ የምታዙ ከሆነም የብሪጁን ፎቶ በቅርበት አስልኩ።

እዚህ ላይ ክራር የሚጫወቱ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። እውነታቸውን ነው። ክራር ላይ ፍሬት የለ፣ የተዛነፈ ሳድል የለ። ክሩን በፈለግሽው ቅደም ተከተል እሰሪና በፈለግሽው እጅ ግረፊው ነው የሚሉኝ። ማሲንቆማ አንድ ጭራ ነው ያለው፣ ደጋኑን በግራ መያዝ ብቻ ነው። የኛ መሣሪያዎች ለግራኝ ደግ ናቸው። ደግ ያልሆነው ሰዉ ነው። በግራ እጅህ ጉርሻ ብትዘረጋ ምን እንደሚከተል ታውቃላችሁ።

ሌላው ምክር ከበድ ያለ ነው፤ በክብር ልመልሰው። "እንደ ሰው በቀኝ ተማሪው" የሚለው። ይህን ያለኝ መዘምራን ውስጥ ለዓመታት ጊታር የተጫወተ ሰው ነው። "ልጄ፣ ኮርድ የሚይዘው እጅ ነው ከባዱን ሥራ የሚሠራው። በቀኝ ጊታር ላይ እሱ ግራ እጅ ነው። አንቺ እንዲያውም ከኛ ትቀድሚያለሽ" አለኝ። ሞኝነት አይደለም። ዳየር ስትሬትስ የሚባለው ባንድ ውስጥ የነበረው ማርክ ኖፕፍለር ግራኝ ነው፣ በቀኝ ነው የሚጫወተው፣ ማንም ጎደለው አላለም። ፒያኖም እኮ የግራኝ የለውም። ጨርሳችሁ ጀማሪ ከሆናችሁ፣ የአየር ላይ ፈተናው ላይ ሁለቱም እጅ እኩል ከመጣላችሁ፣ ዙሪያችሁ ያለው ጊታር ሁሉ የቀኝ ከሆነ፣ የጋሼን ምክር ስሙ። ከልቤ ነው የምለው። ብዙ ጣጣ ይቀርላችኋል።

እኔ ያልሰማሁት በምቱ ምክንያት ነው። መጫወት የምፈልገው የኛን ዘፈን ነው፤ የኛ ዘፈን ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሥራው ያለው ምት የሚመታው እጅ ላይ ነው። ችክችካን ውሰዱ። ስድስት ምት ነው፣ ሦስት ሦስት ሆኖ ይከፈላል፣ አንደኛውና አራተኛው ላይ ጫን ይባላል። እጃችሁን ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ እያላችሁ ሳታቋርጡ ከሄዳችሁ አንደኛው ጫና ወደ ታች ሲወርድ፣ አራተኛው ወደ ላይ ሲወጣ ይመጣል። ወደ ላይ ሲወጣ ጫን ማለት ደግሞ ለማንም ቀላል አይደለም። ሌላው መንገድ ታች፣ ላይ፣ ታች፣ እንደገና ታች፣ ላይ፣ ታች ነው፤ ሁለት ታች በተከታታይ፣ በፈጣን ዘፈን። ይህን ሰነፉ እጄ እንዲሠራው ጠየቅኩት። በተውሶ የቀኝ ጊታር ሞከርኩ፣ ሞከርኩ፣ ኮርዶቹ እየያዙ መጡ፣ ምቱ ግን እንደ አንካሳ ሆነ። የፈረንጅ ቀጥ ያለ አራት ምት ላይ ያልፋል። ችክችካ ላይ አያልፍም፤ እስክስታ የምትወርድ ሰው ፊት ብትጫወቱት ትከሻዋ ያጋልጣችኋል።

አሁን ወደ ጊታሩ።

ኤፍጂ የሚባለው የያማሃ የአኮስቲክ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ያለ ነው፣ የ800ዎቹ ተርታ የወጣው በዚያው አቆጣጠር በ2016 ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው "ኤል" ናት ግራኝ መሆኑን የምትናገረው፤ ስታዙ እሷን አትርሱ፣ ከረሳችኋት የሚመጣላችሁ የቀኙ 820 ነው። ፊቱ ወጥ የሲትካ ስፕሩስ ሳንቃ ነው። ይህ ቁም ነገር ነው፤ በዚህ ዋጋ አካባቢ ብዙ ጊታሮች ፊታቸው ኮምፔንሳቶ ነው፣ ወጥ እንጨት ግን ይበልጥ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ይከፈታል፣ እያደር ይጣፍጣል ይባላል። ጎንና ጀርባው ማሆጋኒ ነው፣ ይሄኛው ግን የተደራረበ ነው፣ ወጥ አይደለም። ከነት እስከ ሳድል 650 ሚሊሜትር፣ የነቱ ስፋት 43 ሚሊሜትር። ቁጥር ለማይወዱ፦ መደበኛ ነው። ጣቱ አጭር የሆነ ሰውም ይለምደዋል።

ዋናው ነገር ከላይ ያማረርኩበት ሁሉ እዚህ ላይ በትክክል መገልበጡ ነው። ነቱ፣ ሳድሉ፣ የጎኑ ነጥቦች፣ መከላከያው፣ ሁሉም የግራኝ ነው። መጀመሪያ ወደ ታች ያየሁ ጊዜ ነጥቦቹ ሲያዩኝ የተሰማኝን ደስታ ቀኝ እጆች አይረዱትም።

ድምፁ ጮክ ያለ ነው። አካሉ ድሬድኖት የሚሉት ትልቁ ቅርጽ ስለሆነ ቤዙ ሆድ አለው፣ ኮርድ ስትመቱ ክፍሉን ይሞላዋል። ለምት የተሠራ ጊታር ነው ብል አልተሳሳትኩም። ሰው እየዘፈነ ለማጀብ፣ ለመዝሙር፣ ለልደት፣ ለካምፕ እሳት፣ እንከን የለውም። ነጠላ ዜማ ላይ ግን የብረት ክር የብረት ክር ነው። ትዝታን ቀስ ብላችሁ በአንድ በአንድ ክር ስትጫወቱ የናይለን ክር ያለው ክላሲካል ጊታር የሚሰጠውን ለስላሳነት አትጠብቁ፤ ይህኛው ሹል ነው። ባቲ ደህና ይወጣበታል። አንቺሆዬ ጣት ታሠራለች፣ ያ ግን የጊታሩ ጥፋት አይደለም፣ የአንቺሆዬ ጠባይ ነው። ክራር የለመደ ጆሮ ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይሰማዋል፤ ክራር በጆሮ ነው የሚቃኘው፣ ጊታር ፍሬቱ በተተከለበት ቦታ ነው የሚናገረው፣ አንዳንድ ድምፅ ላይ ሁለቱ አይስማሙም። ከክራር ጋር አብራችሁ ስትጫወቱ ክራሩ ወደ ጊታሩ ቢመጣ ይሻላል። ጊታሩ የትም አይሄድም።

አጭር ሰው ከሆናችሁ ትልቅነቱን አስቡበት። እኔ አጭር ነኝ። ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ስይዘው ግራ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይወጣል። ማንጠልጠያ አድርጎ መያዝ ይረዳል፣ ቁጭ ብላችሁም ቢሆን። ማይክ ወይም መድረክ ላይ ለመጫወት የምታስቡም እወቁት፣ ኤሌክትሪክ መሰኪያ የለውም። የድምፅ ቀዳዳው ላይ የሚገባ ፒካፕ (የክሩን ድምፅ ወደ ማጉያ የሚወስድ) ለብቻው መግዛት ይቻላል።

ከሳጥን ከወጣ በኋላ ጠጋኝ ጋር ውሰዱት። ይህ የያማሃ ጉዳይ አይደለም፣ ማንኛውም ከፋብሪካ የወጣ ጊታር የክሩ ከፍታ ለሁሉም ሰው እንዲሆን ተደርጎ ነው የሚወጣው፤ እናንተ ደግሞ ሁሉም ሰው አይደላችሁም። እኔ የወሰድኩበት ልጅ ጎበዝ ነው። ጊታሩን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አደረገ፣ በልማድ ሲ ኮርድ ሊይዝ ሞከረ፣ ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ሳቀ። "ይሄ ጊታር ነው ወይስ መስታወት?" አለ። ከዚያ ግን ሳድሉን በትንሹ ሞርዶ፣ የአንገቱን ቀጥተኛነት አስተካክሎ ሲመልስልኝ ሌላ ጊታር ሆኖ መጣ። ጀማሪ ሆናችሁ ጣታችሁ ከቆሰለ ከጣታችሁ በፊት የክሩን ከፍታ ጠርጥሩ።

አንድ ነገር አደራ። አዲስ አበባ በበጋ ደረቅ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ከንፈር የሚሰነጠቀው አየር እንጨትም ይሰነጥቃል። ወጥ ፊት ያለው ጊታር ከ45 እስከ 55 በመቶ አካባቢ ያለ የአየር እርጥበት ነው የሚወደው። እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ፊቱ ይጎደጉዳል፣ የፍሬቶቹ ጫፍ ወጣ ወጣ ይልና መዳፍ ይቧጭራል፣ ከባሰ ስንጥቅ ይመጣል። ውድ ነገር አያስፈልግም። የሳሙና ማስቀመጫ ፕላስቲክ ቀዳድታችሁ፣ እርጥብ ስፖንጅ (የሚንጠባጠብ አይደለም፣ ተጨምቆ የወጣ) ከታችሁ ከጊታሩ ጋር ቦርሳው ውስጥ አስቀምጡ። ግድግዳ ላይ መስቀሉ ያምራል፣ አውቃለሁ። በበጋ ግን ቦርሳ ውስጥ ይደር።

መማሩ ላይ ስገባ ያልጠበቅኩት ነገር አገኘሁ። አስተማሪ ፊት ለፊታችሁ ሲቀመጥ፣ እሱ ቀኝ፣ እናንተ ግራኝ ከሆናችሁ፣ እንደ መስተዋት ትገጥማላችሁ። አንገቱ በዚያው ጎን፣ እጁ በዚያው ጎን። አብሮኝ የሚማረው ቀኝ እጅ ልጅ በጭንቅላቱ እየገለበጠ ሲቸገር እኔ ዝም ብዬ እኮርጃለሁ። ዩቲዩብም እንደዚያው ነው። በሕይወቴ ግራኝነት ያተረፈኝ የመጀመሪያ ቦታ ይመስለኛል። ወረቀት ላይ የሚሳለው የኮርድ ሥዕል ግን ለቀኝ ነው፣ መገልበጥ አለባችሁ፤ "ለግራኝ" ተብሎ የተዘጋጀ ሥዕልም ይገኛል፣ ዩዚሺያንን የመሳሰሉ መተግበሪያዎች ውስጥም የግራኝ ማስተካከያ አለ። ታብ የሚባለው፣ ስድስት መስመር ላይ ቁጥር የሚጻፍበት፣ ምንም አይገለበጥም። የክር ቁጥርና የፍሬት ቁጥር ነው የሚያሳየው፣ ክር ደግሞ ክር ነው።

ቦርሳ? የትኛውም የድሬድኖት ቦርሳ ይሆናል፣ ቅርጹ ሁለቱም ጎን እኩል ነው። ካፖ (አንገቱ ላይ ክሮቹን የሚጫነው መቆንጠጫ) ከሌላ አቅጣጫ ይገባል እንጂ ይሠራል። ክር ያው የሁሉም ክር ነው፣ በተቃራኒው ታስሩታላችሁ። ፒክ ላይ ማን ግራና ቀኝ ለየ።

አሁን ወደሚያመው። የግራኝ ጊታር የያዘ ሰው ብቻውን ነው። ጓደኛ ቤት ትሄዳላችሁ፣ ጥግ ላይ ጊታር ቆሟል፣ "አንቺ ጊታር ትችያለሽ አይደል፣ እስቲ አንድ ነገር" ይባላል። አልችልም። እችላለሁ፣ ግን አልችልም። አስረዱ እንግዲህ። ሰርግ ላይ፣ ቤተክርስቲያን፣ የተማሪዎች ፕሮግራም ላይ፣ የሰው ጊታር አንስቶ መጫወት የሚባለው ነገር ለእናንተ የለም። የትም ስትሄዱ የራሳችሁን ተሸክማችሁ ነው። የእናንተንም ማንም አይዋሰውም፤ ይህኛው እንኳ ጥቅም ነው፣ ወንድሜ ነክቶት አያውቅም። ግዢ ላይ ምርጫ ጠባብ ነው። የቀኙ 820 በተለያየ ቀለም ይመጣል፣ የግራኙን ስፈልግ ያየሁት የእንጨቱ የራሱ ቀለም ያለውን ብቻ ነው። በዓለም ላይ ከአሥር ሰው አንዱ አካባቢ ግራኝ ነው እየተባለ፣ ሱቅ ውስጥ ከመቶ ጊታር አንዱ እንኳ አይገኝም። ያገለገለ ለመግዛትም፣ ሰልችቷችሁ ለመሸጥም፣ ያው መከራ ነው። ሻጩም ገዢውም መርፌ በጭድ ክምር ውስጥ ነው የሚፈልገው።

ዋጋውን በብር አልጽፍም፤ ዛሬ ብጽፈው ነገ ይበላሻል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል፣ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ በዚያው ነው የሄደው። ይህንን ብቻ ልበል፦ አሜሪካ ላይ ይህ ጊታር ለጀማሪ ትንሽ ከበድ የሚል፣ ለመካከለኛ ተጫዋች ተመጣጣኝ የሚባል ዋጋ አለው። እዚህ ስትደርሱ ግን ዋጋው ላይ የአክስትን ትከሻ ጨምሩ። ጊታር በሻንጣ አይገባም፣ ጠንካራ ሳጥን ይፈልጋል፣ ሳጥኑ ከጊታሩ ጋር አይመጣም፣ ለብቻው ይገዛል። ክሮቹን ትንሽ አላልቶ፣ ከመቃኛዎቹ ሥር በልብስ ደግፎ መጫን ነው። የኔዋ አክስት "ልጄ፣ ለሰርግሽ እንኳን ይህን ያህል አልሸከምም" ብላኛለች። ምንም ሳይጎዳ ነው ያመጣችው ግን፣ እድሜ ይስጣት።

ዘመድ የሌለው ምን ያድርግ? እውነቱን ለመናገር፣ ሁለት ምርጫ ነው ያለው። ወይ የታመነ አስመጪ ጋር ሄዶ የሞዴሉን ስም በትክክል ጽፎ ቀብድ መክፈል፣ ወይ ደግሞ ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ መሄድና መገልበጥ። ሁለቱ ጎኑ ቀንድ ያለው፣ ብሪጁ በብሎን የሚስተካከል ርካሽ የስትራቶካስተር ቅጂ ግዙ፣ ነቱን አስቀይሩ፣ ብሪጁን አስተካክሉ፣ የማንጠልጠያውን ብሎን ወደ ሌላኛው ቀንድ አዙሩ። የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ ክንዳችሁ ሥር ይሆናሉ፣ በምት መሃል ድምፁ በራሱ ይቀንስባችኋል፣ ትለምዱታላችሁ። አኮስቲክ ግን አትገልብጡ።

ለልጅ የምትገዙ ወላጆችም ጠይቃችሁኛል። ልጁ ግራኝ መሆኑን አይታችሁ አትደንግጡ፣ ወደ ቀኝም አትግፉት። ሁለቱንም በእጁ አስይዙትና እሱ ይምረጥ። ስምንት ዓመት ላለ ልጅ ይህ ጊታር ትልቅ ነው፣ አነስ ያለ አካል ያለው ይሻለዋል፣ ብረት ክርም ገና ነው።

እኔ ቀጥሎ የምፈልገው ለትዝታ የሚሆን የናይለን ክር ያለው የግራኝ ክላሲካል ነው። ያው ሱቆቹን መዞር ጀምሬያለሁ፣ ያው "ገልብጪው" እየተባልኩ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እውነተኛ የግራኝ ክላሲካል ኖሮት የሚሸጥ ሰው ካለ፣ የብሪጁን ፎቶ ይላክልኝ።